አንካሳው ፊደል

ቫሌታ ላይ ነው ሥራዬ፣ ወደቡን ቁልቁል ከሚያይ ቤት፤
የጥራዝ አቧራ ማራገፍ፣ የብል ቀዳዳ መድፈን በስስ ወረቀት።
ማንበብ አልተቀጠርኩም።
ግን እጅ ሲጠርግ ዓይን ሥራ ይፈታል፣
ሥራ የፈታ ዓይን ደግሞ የሙታን ጠብ ውስጥ ይገባል።

እንግሊዝ ደሴቲቱን ይዞ፣ ማተሚያውን ገና ሳይለቅ፣
«ፋኖስ» ብቻ ነበር የሚበራው፣ በገዢው ዘይት፣ በገዢው ጨርቅ፤
አናቱ ላይ ዘውድ፣ ከሥሩ የስንዴ ዋጋ፣ የመርከብ ስም፣
ረሃብ «እጥረት» ተብሎ፣ ግርፋት «ሥርዓት» ተብሎ የሚታተም።
አዘጋጁ ሳቬርዮ ሺቤራስ፣ ጓንቱን ሳያወልቅ የሚጽፍ ሰው፣
መርከብ ሲገባ ደስ የሚለው፣ መርከበኛ ሲወርድ የሚያስነጥሰው።

ከዚያ አዋጅ ወጣ፤ «ማተም የፈለገ ያትም» ተባለ፤
ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «መለከት» ጮኸ፣ በጣልያንኛ እየማለ።
ጠበቃ አኒባሌ ደሊካታ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ኪሱ ቀዳዳ፣
ሳቬርዮን «ሻማ» አለው፣ «ለጌታው የሚነድ በድኻ ዕዳ»።
ሳቬርዮም ዝም አላለም፦
«መለከት የነፋ ሁሉ ጉንጩ እንጂ ራሱ አይሞላም።»

ሐሙስ አንዱ ይሰድባል፣ ሰኞ ሌላው ይመልሳል፤
ዓሣ ሻጩ ሁለቱንም ይገዛል፣
አንዱን ያነባል፣ በአንዱ ይጠቀልላል።
የትኛውን ታነባለህ? ቢሉት
«እንደ ዓሣው ነው» ይላል።

ሦስተኛም ነበረች፣ «ጉንዳን» የምትባል፣ መዳፍ የምታህል፣
በደሴቲቱ በራሷ ቋንቋ፣ ጀልባ ቀዛፊ በሚማማልበት ቃል።
የዳቦን ሚዛን ጻፈች፤ የወደቡን ቀን ሠራተኛ፣ የወደቀበትን መሰላል።
የጸሐፊ ስም የላትም።
ስድስት ዓመት የተናከሱት ጌቶች አንዴ ብቻ ተስማሙ፣
«የማድ ቤት ወሬ» ብለው በእሷ ላይ ሊስቁ ገጠሙ።
ሰባት ጊዜ ወጥታ ስምንተኛዋ ቀረች፤ በአዋጅ ተዘጋች።

አንድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ድንጋዩን ሲያላብ፣
ብሩሼ «ፋኖስ» ውስጥ አንድ «አር» ላይ ቆመ።
ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ የተሰበረ፣ በመስመሩ መሃል የሚያነክስ፤
ሳቅሁና አለፍኩት።
በማግስቱ «መለከት»ን ስገልጥ ቆሞ ጠበቀኝ፣
ያው ስብራት፣ ያው ማነከስ፣
«ከሃዲ» በሚለው ስድብ መሃል።
ወደ «ጉንዳን» ሮጥኩ፤ እዚያም አለ፣ መሰላሉ ሥር።
ገዢው እሷን የዘጋበትን አዋጅ ሳይቀር
ፈልጌ አወጣሁ፤ ከዘውዱ በታች፣ ሁለተኛው መስመር፣
ቀጥ ብሎ ለመቆም ይሞክር ነበር።

አንድ ማተሚያ፣ አንድ ሳጥን ፊደል፣ የአንዲት ሴት ጣት ብቻ፤
በሒሳብ መዝገቡ አገኘኋት፣ ከሻማ ወጪ ሥር፣ በዳር በኩል በስተመጨረሻ፦
«ማሩጻ ፕሳይላ፣ መበለት፣ ፊደል ለቃሚ።»
ረቡዕ የሳቬርዮን ንቀት ትለቅማለች፣
በትና፣ አጥባ፣ ወደ ሣጥኑ ትመልሳለች፤
እሑድ ከቅዳሴ መልስ
ከዚያው ከንቀቱ ፊደል የደሊካታን ቁጣ ትሠራለች።
ሌሊት ለማን እንደለቀመች መዝገቡ አይናገርም።

ደሊካታ እስር ቤት በገባው ንዳድ ሞተ።
«ፋኖስ» በጥቁር ጠርዝ ሁለት መስመር አወጣ፤
ከዚያ ሐሙስ በኋላ የሳቬርዮ ብዕር ውሃ ውሃ አለ፣
የሚሰድበው ሲያጣ የሚያደንቀውም አጣ፤
በአራተኛው ወር፣ የሽንኩርት ዋጋ አትሞ፣ ዘይቱ አለቀ።

«እርሳስ» ይለዋል አገሬ፣ ፊደል የሚቀለጥበትን ብረት፤
ስሙን የሰማ ሁሉ ታዘዘ፤
ገዢውም፣ ከተማውም፣ ሁለቱም ጌቶች ረሷት።
ያ አንካሳ ብቻ አልሰማም፤
ከገጽ ገጽ እየተንፏቀቀ ይመሰክራል፣ እሱም ማለቱ ሳይገባው።

ኃላፊዬ ከበሩ ላይ ሆኖ «የት ደረስክ?» አለኝ።
«ሰኞ ላይ» አልኩት።
ሳጥኑን ዘጋሁ።
ጣቴ ላይ የቀረው ጥቁር በሳሙና አልለቀቀም።